ሳሙኤል ወዳለበት የበረዶ ደሴት

«ጃፓን ድረስ ለበረዶ ሸርተቴ ሄዱ» የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። ስንመለስ አንዳንዱ ሳቀብን፣ አንዳንዱ «ቅንጦት ነው» አለ፤ አብዛኛው ግን ከልቡ ሊሰማ ፈለገ። እኔም ለእያንዳንዱ በስልክ ስተርክ አንዱን እየዘለልኩ፣ አንዱን እየደጋገምኩ ስለተቸገርኩ፣ ከአነሳሳችን ጀምሬ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ሳሙኤል ታናሽ ወንድሜ ነው። አብዮቱ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስኮላርሺፕ ጃፓን ሄዶ ምህንድስና ተማረ፤ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚመለስበት አገር ሌላ ሆኖ ቆየውና እዚያው ቀረ። ኬኮ የምትባል ጃፓናዊት አገባ። የኬኮ እናት ወይዘሮ ፉሚ ሆካይዶ በምትባለው የሰሜን ደሴት፣ ሰው በበረዶ ከሚንሸራተትበት ተራራ ግርጌ፣ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሳሙኤልና ኬኮ ከተማውን ለቀው ሊያግዟቸው ወደዚያ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የሳሙኤል ደብዳቤ እያጠረ፣ ድምፁም እየራቀ ሄደ። ስልክ ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይልና ዝም ይላል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሌክሳንድሪያ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ጀምሮ ጸሎቷ ሁሉ ስለ እሱ ነው። «ይሄ ልጅ ሰው የለውም» ትላለች። «ቢታመም ማን ውሃ ያቀብለዋል? ሄጄ ይዤው እመጣለሁ።»

በበጋ እንዳንሄድ እኔ የምሠራበት ሆቴል የቱሪስት ወራት ላይ ቫኬሽን አይሰጥም። እኔ የክፍል አጽጂዎች ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እረፍት የማገኘው ሰው ቤቱ በሚቀመጥበት በብርዱ ወቅት ብቻ ነው። ይህንን ለሳሙኤል ብጽፍለት መልሱ ቶሎ መጣ፤ በብርዱ ከሆነማ ማረፊያው በረዶ ውስጥ ነው፣ የእነሱ የአዲስ ዓመት ግርግር ካለፈ በኋላ ኑ፣ ክፍል አለ፣ ከመጣችሁም አይቀር ሸርተቴውን ተማሩ አለን። እንግዲህ የእኛ የሸርተቴ ቫኬሽን የተወለደው እንዲህ ነው።

ልጄ ሳራ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤቷ ጋር አንድ ጊዜ ፔንሲልቫኒያ ሄዳ ተንሸራትታለችና ወሬውን ስትሰማ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«ዳዲ፣ ኢትስ ፓውደር! ቤስት ስኖው ኢን ዘ ወርልድ!»

ባለቤቴ በቀለ ታክሲ ነጂ ነው። «ስሚ» አላት፣ «ዊንተር በመጣ ቁጥር ከነታክሲዬ ስንሸራተት ነው የምውለው። አሁን ደግሞ ጃፓን ሄጄ በእግሬ ልንሸራተት?»

«ፓውደር ያለችው ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ዱቄት ማለት ነው እማማ» አላት በቀለ። «በረዶው እንደ ዱቄት የላመ ነው አሉ።»

«ዱቄት ከሆነማ ቢወድቁበትም አይሰብርም» አለችና ፈቀደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በዝግጅት አለፈ። ሳሙኤል ጫማ አስቀድሞ እንዲይዝልን የእግራችንን ልክ ላኩልኝ ብሎ ስለነበር፣ የገበያ ወረቀት ከረጢት ቀደን ወለሉ ላይ ዘርግተን እናቴ የሁላችንንም እግር በእርሳስ ዞረችው። የበቀለን ስትጨርስ «ይሄ እግር ነው ጀልባ?» ብላ ሳቀች። እውነትም ሳሙኤል ደውሎ በመንደሩ እንዲህ ያለ ጫማ እንደሌለና ሳፖሮ ከተማ ድረስ ወርዶ እንደሚፈልግ ነገረን። ልብሱን ሴቨን ኮርነርስ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ለቃቀምን። አስፐን ሂል የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እህታችን ደግሞ የልጆቿን የበረዶ ሱሪና ጓንት በትልቅ ፕላስቲክ አጭቃ ሰጠችን። በቀለ ያገኘው ካፖርት አረንጓዴ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚወርድ ነበር፤ ሳራ አይታ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ማክሰኞ ማለዳ የበቀለ የሥራ ጓደኛ በታክሲው ወደ ደላስ ኤርፖርት ወሰደን። በቀለ በሰው መኪና ተሳፋሪ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም፤ «በዚህ በኩል ያዝ፣ አሁን ሌን ቀይር» እያለ ሰውየውን አሰለቸው። ከደላስ ቺካጎ፣ ከቺካጎ ደግሞ መጨረሻ የሌለው በረራ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከታች የሚታየውን ነጭ ምድር ታያለች፤ «እዚህም ሰው አለ?» ትላለች በየጊዜው።

ናሪታ ኤርፖርት ስንደርስ ረቡዕ አመሻሽ ሆኗል፤ ማክሰኞ ማታ የምንለው ነገር የት እንደገባ አላወቅንም። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ድንጋጤ ገጠመን። ከሳራ በቀር ሁላችንም የያዝነው ፓስፖርት ሳይሆን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ቪዛው በደንብ ተመትቶበታል፤ የፓስፖርት መርማሪው ወጣት ግን እንዲህ ያለ ሰነድ ከዚያ በፊት ያየ አይመስልም። ገለበጠው፣ ለጓደኛው አሳየው፣ ከዚያ ወደ ጎን ቁሙ አለን። ሰልፉ ሁሉ እያለፈን ሄደ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። ያ ወጣት ከውስጥ ሲመለስ በእጁ የያዘው ወንበር ነበር። እናቴ ፊት አስቀመጠና አጎንብሶ እንድትቀመጥ ለመናት። «ሊያስሩን ነው ወይስ ሊጋብዙን?» አለ በቀለ በሹክሹክታ። ጥቂት ቆይቶ አለቃው መጣ፣ የሳሙኤልን አማት የጥሪ ደብዳቤ አነበበ፣ ማህተሙን ሁሉም ላይ እያስተካከለ መታ፤ ስላቆዩንም እጅ ነሳን።

ያደርንበት ሆቴል ክፍሉ ጠባብ ነው። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ገና እንደገባሁ የአልጋውን ማዕዘን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አንሶላው ቀጥ ብሎ ታጥፏል። እኛ ሆቴል እንዲህ የሚያነጥፉት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም።

ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ ሌላኛው የቶኪዮ ኤርፖርት ተሻግረን ወደ ሆካይዶ በረርን። ሳሙኤል መውጫው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጸጉሩ ሸበት ጀምሮታል፤ ከሩቅ አባታችንን መሰለኝ። እናቴ ዘንቢሏን ጣለችና እጆቿን ዘርግታ ሄደች። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመና ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳት። እናቴ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። እሱም ምን እንዳደረገ ገብቶት ደነገጠ፤ ከዚያ ነው እላዩ ላይ የወደቀችበት።

«እማዬ» አላት። «መንገድ... አኖ... መንገድ ድካም... በጣም ነው?»

ባቡር ውስጥም እንደዚያው ነበር። አንድ ቃል ይላል፣ ያቆማል፣ ጣሪያውን ያያል፣ «አኖ» ይላል፣ ሌላ ቃል ፈልጎ ያመጣል። ሳራ በእንግሊዝኛ ልታግዘው ብትሞክር እንግሊዝኛውም ከአማርኛው አልተሻለም። እናቴ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አኖ የሚለው ማን ነው?» አለችኝ። በኋላ ኬኮን ስንጠይቃት ለካ ሰው ቃል ሲጠፋው የሚለው ነው፤ እኛ «እእእ» እንደምንለው። ያን ጊዜ ግን አላወቅንም። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ልጄ አፉ ተያዘ» አለች። «ሰው ጠፍቶበት አፉ ተያዘ።» ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ከባቡሩ ጣሪያ በላይ ተቆልሎ እንደ ግድግዳ ያልፋል። አሌክሳንድሪያ ላይ የዚህ ሩብ ቢወርድ ዳቦ ከሱቅ ያልቅ ነበር።

ማረፊያው ከእንጨት የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት ወይዘሮ ፉሚ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን ሊያስነኩ ደርሰዋል። እናቴ «ኧረ በጌታ! ኧረ ይነሱ!» ብላ እሷም ከነጫማዋ ደፉ ላይ ተንበረከከች። ከዚያ ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ለፊት ተንበርክከው፣ አንዷ ቀና ስትል ሌላዋ እያጎነበሰች፣ ማን ቀድማ እንደምትነሳ ጠፋን። ኬኮ እየሳቀች በሁለት እጇ አነሳቻቸው። ኬኮ ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ናት፤ አማርኛ የምታውቀው ሦስት ቃል ነው፤ «እንደምን»፣ «ብሉ» እና «እሺ»። በእነዚህ ሦስት ቃላት ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን አስተዳደረችው።

ማታ እራት ሲቀርብ እናቴ ከመብል ክፍሉ ጥግ ያለውን ነገር አየች። በሁለት ተከፋች ጥቁር ሣጥን ነው፤ ውስጡ የሟቹ አባወራ ፎቶግራፍ፣ ፊቱ ደግሞ ለሟቹ የቀረበ በትንሽ ሳህን ትኩስ ሩዝ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ሳሙኤል ሊያስረዳት ሞከረ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ጃፓንኛ ሆነበት። እናቴ የእምነት ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም። እጇን ሰበሰበች። እኔም አሁን ካልበላች እስከ መጨረሻው አይሳካም ብዬ ሰጋሁ። በመጨረሻ «እኔ በአምላኬ ስም ባርኬ ነው የምበላው፣ ንገራቸው» አለች። ነገራቸው። ጸሎቷን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከአዳም ነው የምትጀምረው። ሾርባው ቀዘቀዘ። ዓይኔን በትንሹ ገልጬ ባይ ወይዘሮ ፉሚ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንዳሉ ናቸው። «አሜን» ሲባል ተነሱና የሁሉንም ሳህን ሰብስበው ሾርባውን እንደገና አሙቀው መለሱት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አሜን ሳትል በዚያ ቤት ማንም ማንኪያም ሆነ ቾፕስቲክ አንስቶ አያውቅም፤ ሌሎች እንግዶች እንኳን።

ዓርብ ሸርተቴ ተጀመረ። ተራራው ከማረፊያው በእግር ደረስ መለስ ነው። ሰውን ወደ ላይ የሚወስደው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ነው፤ ገመዱን የሚሸከሙ የብረት ምሰሶዎች ከታች እስከ ጫፍ ተሰልፈዋል። በየምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የጃፓን ዘፈን ይለቃል፣ አልፎ አልፎ አንዲት ሴት ማስታወቂያ ትናገራለች። በረዶው እውነትም ዱቄት ነው። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ፤ ጨምቄ ኳስ ላደርገው ብል ተበተነ። ሳራ እንደ ዓሣ ገባችበት። በቀለ ያንን አረንጓዴ ካፖርት ለብሶ፣ ከሳፖሮ የመጣለትን ጫማ አድርጎ፣ አንድ እርምጃ ሳይሄድ ተቀመጠ። «ዳዲ፣ ጉልበትህን ቤንድ አድርግ!» ትለዋለች። «ቤንድ አድርጌው ነው የተቀመጥኩት!» ይላታል። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄ ተውኩት፤ እናቴ ዘንድ ሄጄ ምድጃ ዳር ተቀመጥኩ።

የዚያን ማታ በቀለ በሰው ቤት አዋረደን። እዚያ ቤት መታጠቢያው አንድ ትልቅ ገንዳ ነው፤ ሰው ከገንዳው ውጭ ተለቃልቆ ንጹሕ ሆኖ ይገባበታል፣ ውሃው ለቤቱ ሁሉ ነው። በቀለ የመጀመሪያ እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ተዘፈዘፈ፤ ሲወጣ እንደ ጨዋ ሰው የገንዳውን ውታፍ ነቅሎ ውሃውን ሁሉ ለቀቀው። ለሰዓታት የተሞቀ ውሃ! ወይዘሮ ፉሚ መጥተው ባዶውን ገንዳ አዩ። እንጨት ጨመሩ፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ለሚጠብቁት እንግዶች ሻይ አቀረቡ። ሳሙኤል ጥፋቱን ሲነግረን በቀለ ከክፍላችን ሊወጣ አልፈለገም። በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ፉሚ ውታፉን አንስተው ኪሳቸው ከተው፣ በቀለን አይተውት ፈገግ አሉ። በቀለም ሳቀ፣ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ቅዳሜ እኔ ከወይዘሮ ፉሚ ጋር ትግል ገጠምኩ። እዚያ ፍራሹ ወለል ላይ ነው የሚነጠፈው፤ ጠዋት ይታጠፋል፣ ማታ ይዘረጋል። እኔ የሰው አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት ሌላ ሰው ሲያነጥፍልኝ መቀመጥ አልቻልኩም። ቀድሜያቸው አጥፌ ቁምሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ተመልሼ ሳይ አውጥተው በራሳቸው አጠፋፍ ደግመው አጥፈውታል። እሑድ እኔ በእሳቸው አጠፋፍ አጠፍኩ። ያን ጊዜ እጄን ያዙኝ፣ መታ መታ አደረጉኝ።

እሑድ እኛው ክፍል ውስጥ አምልኮ አደረግን። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ለሳሙኤል ሰጠችው። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ እየቆመ እየሄደ አነበበ። ሲሳሳት እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ታርመዋለች። እኔ ግን የማየው ግንባሩን ነበር፤ በዚያ ብርድ ላብ አወጣ። ሳራ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ማሚ፣ ሂ ሳውንድስ ላይክ ሚ» አለችኝ። እሷም አማርኛ ስታነብ እንደዚያው ናትና።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በቀለ በሦስት ቀን ትምህርት መቆም ችሏል፤ ሳራ «ዛሬ ላይኛው ድረስ እንወጣለን» ብላ አሳመነችው። እኔና እናቴ ከተራራው ሥር ባለው ምግብ ቤት ተቀምጠን አረንጓዴው ካፖርት በወንበር ሊፍቱ ላይ ሲወጣ እያየን እጃችንን አወዛወዝን። ብዙ ሳይቆይ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ የተራራው ጫፍ ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ቀጥሎ ፊታችን ያለው መስኮት ነጭ ወረቀት ሆነ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ሊፍቱም ቆመ።

ሳሙኤል በረዶ በበረዶ ሆኖ ገባ። «ወረዱ?» አለ።

«አልወረዱም» አልኩት።

ይዞን ወደ ሊፍቱ ቢሮ ሮጠ። የቢሮው ኃላፊ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ሊፍቱ ከመቆሙ በፊት አባትና ልጅ ጫፉ ላይ ደርሰው ከወንበሩ ወርደዋል፤ መንሸራተት ሲጀምሩ ማየቱን የላይኛው ሠራተኛ በስልክ ተናግሯል። ነፍስ አድን ጓዶቹ ሊወጡ እየታጠቁ ነው። ሳሙኤል ወደ እኛ ዞሮ ሊያስረዳን ሞከረ።

«ላይ... መንገድ ሁለት ነው። ቀኝ ጥሩ። ግራ... አኖ... ግራ ገደል ነው። ገመድ ታስሯል፣ ግን በረዶ...» እጁን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ በረዶው ገመዱን ቀብሮታል ማለቱ ነው።

በድምፅ ማጉያው ያቺ ሴት ትናገራለች። «ምን እያለች ነው?» አልኩት።

«ባላችሁበት ቁሙ። ሰው ይመጣል።»

«በቀለ ጃፓንኛ አይሰማም! ሳራም አትሰማም!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

ሳሙኤል አየኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ሁለት ቃል ተናገረ። ሽማግሌው ሴትዮዋን አስነሥተው ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ጋሽ በቀለ! ሳራ! እኔ ሳሙኤል ነኝ!» አለ። «ስሙኝ! አንድ እርምጃ ወደ ታች እንዳትሄዱ! ድምፄ የሚመጣው ከሊፍቱ ምሰሶ ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ድምፄ ኑ፣ ምሰሶውን ስታገኙት አቅፋችሁት ቁሙ! ወደ ግራ እንዳትሄዱ፣ ግራው ገደል ነው! ሰዎች እየመጡላችሁ ነው፤ ከምሰሶው ንቅንቅ እንዳትሉ!»

አላቆመም፣ ጣሪያ አላየም፣ ቃል አልፈለገም። ልጅ ሆኖ ከአጥር ማዶ ጓደኞቹን ሲጣራ የሰማሁት አማርኛ ነበር። ደጋግሞ ተናገረ፤ በመጨረሻ ድምፁ ሰለለ። እናቴ እጇን ዘረጋች።

«አምጣ» አለችው።

ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ለጥፋ ያዘችው። «በቀለ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ። ልጅቷን እቀፋት። ካፖርትህን ክፈትና ውስጥ አስገባት። ሳራዬ፣ እማማ ነኝ፣ እዚሁ ታች ነኝ፤ አይዞሽ። እየተናገርኩ እቆያለሁ፤ ድምፄን ከሰማችሁ አትፍሩ።»

ተናገረችም። ጸለየች፣ አይዞሽ አለች፣ ወይዘሮ ፉሚ ምን ዓይነት ሾርባ እንደጣዱ ነገረቻቸው፣ እንደገና ጸለየች፣ እንደገና አይዞሽ አለች። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ከሁሉም ምሰሶ ላይ የእናቴ አማርኛ ይወርዳል። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች መብላታቸውን ትተው በመስኮት ወደ ነጩ ነገር ይመለከቱ እንደነበር በኋላ ሰማን። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እኔ የሳሙኤልን ክንድ ይዤ ነበር፤ ለካ ጥፍሬን ተክዬበት ኖሯል።

ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው አንሥተው ሰሙ፣ ወደ እኛ ዞረው ሁለት ጣታቸውን አሳዩንና እንባቸው መጣ። ሁለቱም ተገኝተዋል፤ ምሰሶ ሥር፣ አንድ ካፖርት ውስጥ።

ሲወርዱ የበቀለ ጺም በረዶ ይዞ ነበር። ሳራ ሮጣ አያቷ ደረት ላይ ተለጠፈች። «እማማ፣ ሰማሁሽ፤ ሁሉንም ሰማሁሽ» አለቻት፤ በአማርኛ። በኋላ እንደነገሩን፣ መንገዱ ሲጠፋቸው ነፋሱን ለመሸሽ ወደ ግራ ዞረው ነበር። በቀለ መነጽሩ በበረዶ ተደፍኖ የሚያየው አልነበረም። ድምፁ ሲመጣ እጁን ይዛ «አባዬ፣ ወደ ድምፁ!» ብላ የጎተተችው ሳራ ናት።

«አባዬ መጀመሪያ ኮፍያውን አወለቀ» አለች ሳራ።

«ከሰማይ በአማርኛ ስጠራ ምን ላድርግ?» አለ በቀለ። «ቀኔ ደረሰ ብዬ ነው። ሳሙኤል ነኝ ሲል ነው የተነፈስኩት።»

ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ሽማግሌው አንድ ካርቶን መንደሪን ተሸክመው መጥተው፣ እንግዶቻችንን አስደነገጥን ብለው ወለሉ ላይ ይቅርታ ጠየቁን። ያጠፋነው እኛ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው! ነፍስ አድን ልጆቹም መጡ። ከእናቴ ንግግር አንዲት ቃል ይዘዋል፤ በረዶውን እየረገጡ ሲወጡ ከየምሰሶው ሲሰሟት ነበርና። እያንዳንዱ በር ላይ አጎንብሶ «አይዞሹ!» ይላታል። እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳሙኤልን ትከሻውን እየነካ ያልፋል፤ «ሳሙ፣ ሳሙ» ይሉታል። አንዷ አሮጊት ደግሞ እጅጌውን ገልጣ ጥፍሬ የጫረውን ክንዱን አየችና ቅባት ፍለጋ ቤቷ ሄደች። እናቴ አንድም ነገር አላመለጣትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሙኤል ከደጁ በረዶ ሲጠርግ ቆይቶ ገባ። ምድጃው ዳር እኔና እናቴ ነበርን።

«ይዤህ ልሄድ ነበር የመጣሁት» አለችው እናቴ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ትመጣለህ?»

ጓንቱን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። «ቤቴ እዚህ ነው» አላት። «ወይዘሮ ፉሚ እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ስልክ ላይ ዝም የምለው... አኖ... ከፍቶኝ አይደለም። ቃሉ ይጠፋኛል። ለገዛ እናቴ ቃል ሲጠፋኝ አፍራለሁ። ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ እዘጋዋለሁ።»

«ይሄው ነው?» አለችው። «ስንት ዓመት ያስጨነቅኸኝ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ታዲያ ቃል ሲጠፋህ አኖ በል! እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ። አንተ ፈልገው፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

ሳሙኤል ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጣለ። እኔ ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ወይዘሮ ፉሚ ሩዝ ያጥባሉ። ምን እንደተባለ አልሰሙም፣ ቢሰሙም አይገባቸውም፤ ግን ፊቴን አይተው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ወንበር ሳቡልኝ።

ረቡዕ ተለያየን። ወይዘሮ ፉሚ የባቡሩን ምሳ በጨርቅ ቋጥረው ለየራሳችን ሰጡን፤ የበቀለ ቋጠሮ የሁላችንን እጥፍ ነበር። ጣቢያው ላይ እናቴ የሳሙኤልን እጅ ወስዳ በወይዘሮ ፉሚ እጅ ላይ አኖረችና «አደራ» አለቻቸው። ሳሙኤል ሊተረጉም አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ፉሚ አላስጨረሱትም፤ «ሃይ» አሉ፣ እሺ ማለት ነው፣ እጁን አጠበቁት። ባቡሩ ሲነሳ ኬኮ ከመስኮቱ ጎን እየሮጠች ከሦስቱ ቃላቷ አንዷን ትጮሃለች፤ «ብሉ! ብሉ!»

ስንመለስ አሌክሳንድሪያ ላይ የጫማ ሶል የማይሸፍን በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ አገኘነው። ሳራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በቀለ ታክሲውን አስነሥቶ ሥራ ገባ፤ በጎዳናው ላይ ከእሱ በቀር ደፍሮ የወጣ ታክሲ እንዳልነበረ እስከ ዛሬ ያወራል።

በሚቀጥለው እሑድ በምስክርነት ሰዓት እናቴ እጇን አወጣች። የጉዟችን ወሬ ተዳርሶ ነበርና ሰው ሁሉ ስለ ተራራው፣ ስለ ማዕበሉ ሊሰማ ጆሮውን አቀና፤ ያውም የእሷ ምስክርነት ረጅም መሆኑን እያወቀ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ልጄ ብቻውን ይመስለኝ ነበር» አለች። «ሄጄ አየሁት። ብቻውን አይደለም።»

ከዚያ ተቀመጠች።